ክንብንቧን አታውልቁባት

ከተማችን ሚናሳዋ ውስጥ ተከናንባ የምትጨፍርን ሴት «ማን ነሽ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ነውር ነው። በቦን ሰሞን ሙታን ለጥቂት ምሽት ወደየቤታቸው ሲመለሱ፣ ወጣት ሴቶቻችን ከግንባር እስከ ደረት የሚወርድ፣ ለዓይን ብቻ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ጨርቅ ተከናንበው በእሳቱ ዙሪያ ይሰለፋሉ። ከሰልፉ መካከል የትኛዋ ከቤቷ እንደወጣች፣ የትኛዋ ከመቃብር እንደመጣች እንዳይለይ ነው። ሟች አፍሮ እንዳይመለስ። ይህን ያህል ደግነት የምታውቅ ከተማ አንዲት እናት ላይ የሠራችውን ነገር ልጽፍ ነው የተነሣሁት። የምጽፈውም ተናድጄ ነው፤ የማልናደድበት ምክንያት አይታየኝም።

እናቲቱ ቶኪኤ ናት። በድልድዩ ራስ ባለው፣ ሶባ የሚባለው ፓስታ በሚሸጥበት ቤት ሊጡን እየዳመጠች፣ በሰፊው ቢላዋ እንደ ፈትል እያቀጠነች ስትቆርጥ ነው ፀጉሯ የሸበተው። ወሬ አታበዛም። ቀኝ እጇ ሥራ ላይ ካልሆነ ሽርጧ ሥር ነው፤ ልማዷ ነው ብለን ከተውነው ቆይተናል። «ሶባሽ ዛሬ ወፈረሳ» ያላትን ደንበኛ «ጥርስህ ነው የቀጠነው» ብላ ሳታየው የምታልፍ ሴት ናት። ባሏ ቀድሞ ሞተ። የቀረቻት አንድ ልጅ፣ ሺሆ ነበረች።

ሺሆ በልጅነቷ፣ እንደ ሁሉም የኛ አገር ልጆች፣ ከጣራ ወደ በረዶ ክምር ስትዘል ግራ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ዳነ። ግን ጭፈራ ላይ ያ እግር ከሌሎቹ እግሮች ጋር አይወርድም። ከበሮው ሲመታ ሁሉም ይረግጣሉ፤ የሷ ግራ እግር መሬቱን ጫር አድርጎ፣ ግማሽ ምት ቆይቶ ይደርሳል፤ ከኋላው ሰው ጠርቶት ዞር ብሎ አይቶ የመጣ ይመስላል። የጭፈራ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጌንጂሮ ስንቴ ተቆጣት። «ሰልፌን ታበላሺብኛለሽ» ይላታል። እሷ «እሺ ጋሼ» ትላለች፤ እግሩ ግን እሺ አይልም። ኋላ፣ ገና ሳታገባ፣ በአንዱ የበረዶ ወራት ሳንባዋን ታማ ሞተች።

በረዶው እንደቀለጠ ነው የጨዋታ ማሽኑ እኔ ወደማስተዳድረው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት የገባው። በጫማ መደርደሪያውና በወተት ማቀዝቀዣው መካከል አቆምኩት። «የከበሮ መንገድ» ይባላል፤ ሳንቲም ታስገባለህ፣ ሁለት ዱላ ይዘህ በሙዚቃው ልክ ከበሮውን ትመታለህ፣ ስክሪኑ ላይ ያሉት ይጨፍራሉ። ከፊት ሪሪን የምትባል ሮዝ ፀጉር ያላት ልጅ አለች፣ መዝለል የማይታክታት። ከጎኗ ሆዱ ከበሮ የሆነ ዶንቤ የሚባል ወፍራም አውሬ አለ። ከሁለቱ ኋላ፣ ስሟ እንኳ በቅጡ ያልተጻፈ፣ ፊት የሌላት፣ ጥቁር የተከናነበች ሴት አለች። ተጫዋቾቹ ጥላ ይሏታል። ማሽኑን የሠራው ኩባንያ በአንድ የቦን ሰሞን ሰው ልኮ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ጭፈራችንን ከአንድ ጣራ ላይ ቀርጾ ኖሯል። ጥላን የሣሉት ከዚያ ፊልም ነው። ሌባ ማለት ሌላ ምንድን ነው?

መጀመሪያ ያየቻት የበርሜል ሠሪው ሚስት ናት። ፀጉሯን እያደረቀች ቆማ አየችና ፎጣዋ ከእጇ ወደቀ። የጥላ ግራ እግር መሬቱን ጫር አድርጎ ግማሽ ምት ቆይቶ ደረሰ።

«ሺሆ ናት» አለች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሺሆ ናት ተባለ፤ አለቀ። ማን ነሽ ብለን የማንጠይቅ ሰዎች፣ አንዲት እናት እናጽናና ብለን ሕጋችንን በፈቃዳችን ሻርን።

ቶኪኤ በማግስቱ መጣች። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ሶባ ቤቱ በተዘጋ ቁጥር፣ ፀሐይ ወደ ወንዙ ስታዘነብል፣ ትመጣለች። ራሷ ከበሮ መምታት አይሆንላትም፤ ከገንዳ የወጣ ሰው ሁሉ ፀጉሩ እየተንጠባጠበ ዱላውን ያነሣና ይመታላታል። እሷ እግሩን ታያለች። ሌላ ምንም አታይም፣ ያንን እግር ብቻ። የከበሮው ድምፅ በግድግዳው አልፎ ወደ ገንዳው ይገባል፤ በእንፋሎቱ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው የተቀመጡ አሮጊቶች ሳያውቁት የእግራቸው ጣቶች በውኃ ሥር ይንቀሳቀሳሉ። ከላይ ሆነህ ብታይ ከተማው በሙሉ በሕልሙ የሚጨፍር ይመስልሃል። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

ጥላ ግን ከኛ አልፋ ሄደች። ከሩቅ ከተሞች ወጣቶች እሷን ፍለጋ ይመጡ ጀመር። ማሽኑ አጠገብ ፎቶ ሲነሡ ሁሉም የቀኝ እጃቸውን ትንሿን ጣት ቀጥ ያደርጋሉ፤ የጥላ ትንሿ ጣት እጇ ሲታጠፍም ሲዘረጋም እንደ ችካል ቀጥ ብላ ስለምትቆም ነው። ቶኪኤ አንድ ቀን «ጣታቸውን ምን ነካቸው እነዚህ?» ብላ ጠይቃኝ ታውቃለች። ጌንጂሮ ደግሞ መልስ አያጣም። ጣቷ ወደ ሙታን አገር የምታመለክት ጥንታዊ ምልክት መሆኗን ለእንግዳ ሁሉ ማብራራት ጀመረ። አባቴ ነገሩኝ አለ። ቀጥሎ አያቴ ነገሩኝ አለ። ይባስ ብሎ ለልጃገረዶቹ ጣት ቀጥ አድርጎ መጨፈርን በትምህርት አስገባው። ማንም አልተቃወመም። ያማረ ውሸት ሲነገር ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት የምንቆጥር ሰዎች ነን።

የሩዝ ችግኙ ተተክሎ ባለቀበት ሰሞን ካንዛኪ የምትባል ቀጭን ልጅ ከኩባንያው መጣች። ጎንበስ ብድግ ታበዛለች፤ ግን አትዋሽም። ቶኪኤም ጌንጂሮም ባሉበት፣ ወተት ይዘን ተቀምጠን፣ ነገሩን አስረዳችን። ታላላቅ የሚባሉት ጨዋታዎች ሁሉ አንድ አንድ ሰው አዋጥተው እርስ በርስ የሚደባደቡበት አዲስ ጨዋታ እየተሠራ ነው። ከ«የከበሮ መንገድ» ማን ይሂድ በሚለው ቢሮው ለሁለት ተከፍሏል። ሪሪን ቆንጆ ናት፤ አሻንጉሊቷም ይሸጣል። ዶንቤ ቢመቱት የሚያምርበት ሆድ አለው። «ግን ምት ማለት ከሦስቱ ማን ናት ተብለን ስንጠየቅ» አለች፣ «ሁላችንም ዞረን የምናየው ጥላን ነው።»

እንዴት እንደምትዋጋም አስበውላታል። ቡጢ አትሰነዝርም፤ ትጨፍራለች። ከምቱ ውጭ የመታት ሰው አየር ይመታል። ምቱን ጠብቆ የመጣውን ደግሞ ያ የዘገየ እግሯ ይጥለዋል፤ ደረሰ ባለበት ሰዓት አይደርስማ። እውነቱን ልናገር፣ ስሰማው ልቤ ዘለለ። አሮጌዎቹ ማሽኖች ግን በረዶ ሳይወርድ ይዘጋሉ። የተመረጠው ወደ አዲሱ ጨዋታ ይሻገራል፤ የቀሩት አይኖሩም። ጭፈራው የከተማው ስለሆነ፣ አሁን ገና፣ ፈቃድ ሊጠይቁ መጥተዋል።

ጌንጂሮ ጉሮሮውን ጠራረገና ይህ የእናት ጉዳይ ነው አለ። አያችሁት? ለእንግዳ ሲያብራራ ጭፈራው የማኅበሩ ነው፤ ሸክም ሲመጣ የእናት ሆነ።

ቶኪኤ ካንዛኪን አየቻት። «ሰው ትደበድባለች?»

«ትደበደባለችም፣ እትዬ።»

«ስትሸነፍስ?»

ካንዛኪ ወተቷን አስቀመጠች። «ትወድቅና ክንብንቡ ይገለጣል። ያሸነፈም የተሸነፈም በመጨረሻ ፊቱ በትልቁ ይታያል፤ የጨዋታው ደንብ ነው። እና... የልጅዎ ፎቶግራፍ ቢኖር ብለን ነበር። ፊቷን በደንብ እንድንሠራው።»

ቶኪኤ ተነሥታ ጫማዋን አደረገች፤ ሄደች።

እነሆ ለሴቲቱ ያቀረብንላት ምርጫ፦ ልጅሽ ሁለተኛ ትሙት፣ ወይስ ዓለም ሁሉ እየደበደበ ፊቷን ይግለጥ?

ከዚያ በኋላ በመታጠቢያ ቤቴ ሌላ ወሬ አልነበረም። የወንዶችንና የሴቶችን ገንዳ የሚለየው ግድግዳ ጣራ አይደርስም፤ ክርክሩ በላዩ ይወረወራል። ሪሪን ትሂድ፣ ሮዟ ትደብደብ የሚል አለ። ዶንቤ ያንን ሆድ ለምን ይዞ ይዞራል የሚል አለ። ጥላ ትሂድ፣ ስማችን ይጠራል፣ ሶባውም ይሸጣል የሚሉ በዙ። ከሴቶቹ በኩል አንዷ፣ ሺሆ በዕድሜዋ ሰው መትታ አታውቅም ስትል፣ ሌላዋ «ወንድሜን በጥፊ ብላዋለች፤ ይገባው ነበር» አለች፤ በሁለቱም በኩል ተሳቀ። እኔ እንጨቱን ወደ ምድጃው እየወረወርኩ አዳመጥኩ። ሁሉም ፍርድ እንዲቆረጥ የሚፈልጉት በሌላ ሰው ልጅ ላይ ነው። የራሱን ልጅ ፎቶ ይዞ የመጣ አላየሁም።

ውሳኔው ሳይሰጥ ካንዛኪ ሠራተኞቿን ይዛ ተመለሰች። አሮጌው ፊልም ጭፈራውን ከአንድ ጎን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ለማንኛውም ከሁሉም አቅጣጫ ይቀረጽ ተባለ። በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ዙሪያውን ካሜራ ተከሉ። ከልጃገረዶቹ የተሻለችው ናጊሳ፣ ከሰውነት የሚጣበቅ ጥቁር ልብስና ጓንት ለበሰች፤ ልብሱ ላይ ብርሃን የሚመልሱ ትንንሽ ነጥቦች ተሰክተውበታል። እሷ ስትንቀሳቀስ ግድግዳው ላይ ጥላ ትንቀሳቀሳለች። አሮጌዋ ጥላ፣ ከፊልሙ የተሣለችው፣ አጠገቧ ትጨፍራለች፤ እንዲያስተያዩ ነው።

ናጊሳ ጎበዝ ናት። እግሩ ግን አልሆነላትም። አንዴ አነከሰች፣ አንዴ ዘገየች፤ ማንከስም መዘግየትም አልነበረም የሚፈለገው። ልጅቷ ልታለቅስ ደረሰች።

ቶኪኤ ከኋላ ወንበር ላይ፣ እጇ ሽርጧ ሥር እንዳለ፣ ተቀምጣ ነበር። ተነሣች።

«የታመመ እግር አታድርጊው» አለቻት። «የተጠራ እግር ነው። ስምሽን ከኋላ የሰማሽ ይምሰልሽ፣ ዞር ልትዪ ትፈልጊያለሽ፣ አትዞሪም።»

በቃል አልገባ አለ። ልብሱን አምጡልኝ አለች። ለብሳ ስትወጣ ጌንጂሮ አፉን በእጁ ያዘ፤ እሷ ቀድማው «በካልሲ የተጠቀጠቀ ሩዝ መስያለሁ፣ አውቃለሁ፤ ከበሮህን ምታ» አለችው። አዳራሹ ሳቀ። ከበሮው ሲጀምር ሳቁ ቆመ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ውጭ እንቁራሪቶቹ ማሳውን ሞልተውት ነበር። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ማር መስሏል። ያቺ ሊጥ የሚዳምጥ ክንድ ያላት ሴት ጠፋች። ትከሻዋ ወረደ፣ አንገቷ ቀጠነ፣ ግራ እግሯ ወለሉን ጫር አድርጎ፣ ግማሽ ምት ቆይቶ፣ ደረሰ። የበርሜል ሠሪው ሚስት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ግድግዳው ላይ ሁለት ጥላዎች ጎን ለጎን ይጨፍራሉ፤ ቶኪኤ ጀርባዋን ስለሰጠቻቸው አታያቸውም።

ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ አቋረጠ። የቀኙ ጓንት ሳይበላሽ አልቀረም አለ፤ የትንሿ ጣት ነጥቦች አይታጠፉም።

«ጓንትህ ደህና ነው» አለችው ቶኪኤ። «ጣቴ ናት። ቢላዋ ጅማቷን ቆርጦት ነው፤ ሺሆ ገና ጡት ስትጠባ።» እጇን ዘርግታ አሳየችው። ሌሎቹ ጣቶች ተከደኑ፤ ትንሿ እንደ ችካል ቀጥ ብላ ቆመች።

ከጫጩትነታችን የምናውቃትን ሴት እጅ ያን ጊዜ ገና አየን።

ካንዛኪ ሁለቱን ጥላዎች አንዷን ባንዷ ላይ አስተኛቻቸው። ትከሻ በትከሻ፣ ክርን በክርን፣ ጣት በጣት። አንድ ሆኑ።

ቶኪኤ ዞራ አየች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከእግሩ አንሥታ እጁን አየች። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው ተናገረች። አንድ የቦን ምሽት ሺሆን ትኩሳት ጣላት። የመጀመሪያዋ ትኩሳት ናት፣ ኋላ የገደላት በሽታ ገና ስሙን ሳይናገር የመጣች። እኛ ዘንድ ከሰልፍ ውስጥ ቦታ ባዶ አይተውም፤ ባዶ ቦታ ባለቤቱን ወደ ሙታን ይጠራል ይባላል። ቶኪኤ የልጇን ልብስ ለበሰች፣ የልጇን ክንብንብ ተከናነበች፣ በልጇ ቦታ ገባች። ቦታው ሰው እንደቀየረ ሕያዋንም ሙታንም እንዳይነቁባት፣ እግሯንም እንደ ልጇ አደረገችው። ለማንም አልነገረችም፤ ማንም አልጠየቀማ። ያን ምሽት ነው ካሜራ የያዘው ሰው ጣራ ላይ የነበረው።

ተናግራ ስትጨርስ በሩን ከፍታ ወጣች፤ ልብሱን እንኳ አላወለቀችም። ካንዛኪ ልትከተላት ስትል ያዝኳት። በማሳዎቹ መካከል ባለው ቀጭን መንገድ ስትሄድ ከበሩ አየናት። ጀምበር ጠልቃለች፤ አብሪ ጢንዚዛዎች ከሩዙ መነሣት ጀምረዋል። አልፎ አልፎ መኪና ሲያልፍ ልብሷ ላይ ያሉት ነጥቦች ይበሩና ይጠፋሉ። ትንሽ ቆይቶ የትኛው ብርሃን እሷ፣ የትኛው ነፍሳት እንደሆነ መለየት አቃተን።

ጌንጂሮ ከኋላዬ ስለ ጣቷ የሆነ ነገር ሊያብራራ ጀመረ። ዝም በል አልኩት። ዓመታት የዘገየች ቃል ናት።

በማግስቱ ከሰዓት ቶኪኤ ልብሱን አጥባ፣ አጣጥፋ ይዛ መጣች። ካንዛኪ መሬት ላይ ተንበርክካ ይቅርታ ትጠይቅ ጀመር። ቶኪኤ ሳንቲም አስገባች። እኔ ዱላዎቹን አንሥቼ መታሁላት። እስከ መጨረሻው አየች፤ እግሩንም፣ እጁንም። ማልቀስ አላለቀሰችም። ባዶ ቤት ውስጥ ድምፅ ሰምቶ ገብቶ መስታወት ውስጥ ራሱን ያገኘ ሰው እንዴት ያያል? እንደዚያ ነበር ያየችው።

«እሷ ብትሆን እምቢ ልላችሁ ነበር» አለች። «ማሽኑ ተዘግቶ ብትጠፋ ይሻለኛል ብዬ ቆርጬ ነበር፤ ልጄን ማንም አይመታብኝም። እኔ ከሆንኩ ግን ይደብድቡኝ። ለምጄዋለሁ።»

ካንዛኪ ቀና አለች።

«ክንብንቤን ግን አታውልቁብኝ» አለች ቶኪኤ። «ያን ምሽት ማን እንደነበርኩ እኔም አላውቅም።»

ኩባንያው እሺ እስኪል ብዙ ተጓተተ። ደንብ ነው አሉ፤ ሌሎቹ ሁሉ ፊት አላቸው አሉ። ካንዛኪ አለቆቿን እንዴት እንዳሸነፈች አልነገረችንም። በረዶ ከመውረዱ በፊት ማሽኔ ተዘጋ። በጸደይ አዲሱ ጨዋታ ሲወጣ ከሦስቱ የተሻገረችው ጥላ ነበረች። አሁን ጥላ ስትሸነፍ አትዘረርም፤ ትንበረከክና የክንብንቧን ገመድ አጥብቃ ታስራለች። የሰው አገር ልጆች ሲደበድቧት ቶኪኤ መታጠቢያ ቤቴ ድረስ መጥታ በቴሌቪዥን አየች። «ይሄኛው ጎረምሳ ምት አያውቅም» አለች፤ ወዲያው ጎረምሳው አየር መትቶ ወደቀ። ስትስቅ ሰማኋት።

በዚያ ዓመት ቦን ገና ሲመሽ እሳቱ ተለኮሰ። በዕድሜዋ ያሉ ሴቶች የሣር ኮፍያ አድርገው ነው የሚጨፍሩት፤ ክንብንቡ የልጃገረዶች ነው። ቶኪኤ ግን ተከናንባ ወጣች መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው፤ አልጠየቅኩም። ሰልፉ በፊቴ አለፈ። የጌንጂሮ ትምህርት አልጠፋም፤ ልጃገረዶቹ ሁሉ ያችን ትንሽ ጣታቸውን ቀጥ አድርገዋል። አንዲት ትከሻዋ ሰፊ፣ ጣቷ እንደ ችካል የቆመ፣ እግሯ ከከበሮው እኩል የሚወርድ ሴት አለፈች።

ከፊቷ አንዲት ቀጭን ነበረች። ግራ እግሯ መሬቱን ጫር አድርጎ፣ ግማሽ ምት ቆይቶ፣ ደረሰ። ቀኝ እጇን ወደ እሳቱ ስታዞር ጣቶቿ አንድ በአንድ ተከደኑ፤ ትንሿም እንደ ሌሎቹ በቀስታ ታጠፈች።

ማን ነሽ ብዬ አልጠየቅኩም።